ከዘንጉ ጎን የተጻፈ

ትናንት ከምሳ በኋላ ምንታምር ሕልም አየች። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም ይላሉ ሽማግሌዎች። እሷ ያየችው ግን ፍቺ የሚያሻው ዓይነት አልነበረም፤ ዓለሙ ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ተገልብጦ ቁጭ ብሎ ነበር።

ወደ ሕልሙ ከመግባታችን በፊት ምን ሆና እንደተኛች ማወቅ ይበጃል። ምንታምር በዝንጀሮ ወንዝ ላይ በሚሠራው ድልድይ የዕቅድ ባለሙያ ናት። የድልድዩ ሥራ ከመጀመሪያው ቁፋሮ እስከ መጨረሻው ቀለም ቅብ ድረስ ኮምፒውተሯ ውስጥ በአንድ ሰፊ ቻርት ላይ ተዘርግቷል። እያንዳንዱ ሥራ አንድ ሰማያዊ ዘንግ ነው። ሥራው ብዙ ቀን ሲፈጅ ዘንጉ ይረዝማል፤ ሲዘገይ ደግሞ ይቀላል። ሌሎች የዕቅድ ባለሙያዎች ዘንጉን አስምረው እጃቸውን ያነሳሉ። ምንታምር ግን ከየዘንጉ ጎን ትንሽ የጽሑፍ ሳጥን ትከፍትና ማስታወሻ ትጽፋለች። “ወይዘሮ አመለወርቅ ጤፋቸውን እስኪያጭዱ ድረስ በዚህ በኩል ቁፋሮ የለም” ትላለች አንዷ። “እዚህ ጋ አለቱ ልል ነው፤ ቀኑ የበዛው ለዚህ ነው” ትላለች ሌላዋ። “ጋሽ ቢራቱ ልጃቸውን ስለሚድሩ በዚህ ሳምንት ግንበኛ ይጎድላል” የምትልም አለች። አዲስ ልብስ ለብሶ መስተዋት ፊት እንደሚቆም ሰው ማስታወሻዎቿን እየተመላለሰች ታያቸው ነበር። አጫጭር ናቸው፣ እውነት ናቸው፣ ማንም አንብቦ ይረዳቸዋል። ትኮራባቸው ነበር። አንባቢ ይኑራቸው አይኑራቸው ግን አታውቅም።

ትናንት ጠዋት የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ዘርጋው ቢሯቸው አስጠሯት። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች እንደሚመጡና ከሰዓት በኋላ ስብሰባ እንዳለ ነገሯት። ቻርቱ እንዲህ እንደተዝረከረከ አይቀርብም አሉ።

“ቻርት ይታያል እንጂ አይነበብም” አሏት። “አለቆች የሚያዩት ቀለሙን ነው። ማስታወሻዎቹን በሙሉ አጥፊያቸው።”

ምንታምር እሺ ብላ ወጣች። እሺ ያለችው አፏ ነው። ምሳዋን ነካ ነካ አድርጋ ተወችና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ማስታወሻዎቹን አንድ ባንድ መረጠቻቸው። የማጥፊያውን ቁልፍ መጫን ብቻ ቀራት፤ ጣቷ ግን እምቢ አላት። እስቲ ትንሽ ዓይኔን ልክደን ብላ ግንባሯን ክንዷ ላይ አሳረፈች። የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀቱ ጠሽ ጠሽ ይላል። እሱን እየሰማች እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

በሕልሟ የቢሮውን በር ከፍታ ወጣች። ቻርቱ ቀድሟት ወጥቶ ነበር። ዘንጎቹ እንደታጠበ ልብስ ሜዳው ላይ ተሰጥተዋል፤ ሣሩ በሰማያዊ ተሸፍኗል። ሰዎች ዘንግ ዘንጋቸውን ይዘው በላዩ ላይ ይራመዱና ጫፉ ጋ ሲደርሱ “ሥራዬ አለቀ” ብለው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ዝንጀሮ ወንዝ ሽቅብ ይፈስ ነበር። ምን ሆኖ ነው ብላ ብትጠይቅ፣ ከምንጩ ሲነሳ የረሳው ዕቃ ስላለ ሊያመጣ እየተመለሰ ነው አሏት። ድልድዩ ተሠርቶ አልቋል፤ የሚገኘው ግን ወንዙ ላይ አይደለም። ቢሮው በር ላይ በጎኑ ጋደም ብሎ ባለጉዳይ ሆኗል።

ምንታምር ቀረብ ብላ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጠብቅ ጠየቀችው።

“ካለቅሁ ቆየሁ” አላት ድልድዩ። “መጀመሬን የሚጽፍልኝ ነው ያጣሁት።”

ታገሥ ብላው አለፈች። ከአጥሩ ሥር ረጅም ሰልፍ አየች። የተሰለፉት ከረባት ያሰሩ ዳይሬክተሮች ነበሩ፤ ሁሉም የቀን ሥራ ፈላጊዎች ናቸው። የግንበኞቹ አለቃ ጋሽ ቢራቱ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጠው የእያንዳንዱን መዳፍ እያገላበጡ ይመለከታሉ። አንዱን ረጅም ዳይሬክተር እጁን ይዘው ብዙ ካዩ በኋላ፣ ይህ እጅ ከፊርማ ሌላ የሚያውቀው የለም፣ ነገ ተመለስ አሉት። ዳይሬክተሩ ኮቱን ቆልፎ ወደ ሰልፉ ጭራ ሄደ። ተከታዩ፣ ለአንድ ቀን እንኳ አካፋ ቢያስይዙት ለልጅ ልጆቹ የሚያወራው እንደሚሆን እየማለ ለመናቸው። አካፋ በልምድ ነው፣ መጀመሪያ ውሃ አመላልስ አሉትና በደስታ ባልዲውን አንስቶ ሮጠ።

ጋሽ ቢራቱ ምንታምርን ሲያዩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ሰልፉ በሙሉ ባርኔጣውን አወለቀ።

“የማስታወሻዋ ባለቤት መጣች” አሉ ጋሽ ቢራቱ። “መንገድ ልቀቁላት።”

ያን ጊዜ ነው ምንታምር የአገሩ ወግ የገባት። እዚህ አገር ማዕረግ ዋጋ የለውም፤ ማህተምም ዋጋ የለውም። ከነገሩ ጎን የተጻፈው ነው የሚሆነው። ዝቅ ብላ ብታይ የኮምፒውተሯ የፊደል ሰሌዳ እንደ ክራር በጠፍር ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ስትነካው እንደ ክራር ይጮሃል፤ የነካችው ፊደልም አየሩ ላይ ይጻፋል። ቀና ብላ ተራመደች። በእውኑ ዓለም በዚያ ግቢ ውስጥ እንዲህ ቀና ብላ ተራምዳ አታውቅም።

ወደ ወይዘሮ አመለወርቅ ማሳ ስትደርስ ጤፉ ኤክስካቫተሩን አቁሞ ሲመረምረው አገኘች። ያ ግዙፍ የቁፋሮ ማሽን እንደ ግመል ተንበርክኮ አካፋውን መሬት ላይ አድርጓል። ጤፉ በነፋስ እየተወዛወዘ፣ ቀጫጭን በሆኑ ብዙ ድምፆች ይጠይቀዋል።

“ማስታወሻው እዚህ ተጽፎ የለም?”

“ተጽፏል” አለ ኤክስካቫተሩ።

“ታዲያ ምነው ገባህ?”

“ማንበብ አልተማርኩም።”

ጤፉ እርስ በርሱ ተንሾካሸከና ይማር ሲል ፈረደ። ማሽኑን አንድ ቀጭን አገዳ እየመራ ወደ ዋርካው ጥላ ወሰደው። እዚያ ገልባጭ መኪናዎች፣ ሮለሮችና የኮንክሪት ማቡኪያዎች ተኮልኩለው ፊደል ይቆጥራሉ። መልስ የሚያውቅ አካፋውን ያነሳል፤ አካፋ የሌለው ጥሩምባ ይነፋል። አንዷ ሮለር “ሀ”ን አጥብቃ ስለያዘችው ጠፍጥፋው ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ ሊነሳ አልቻለም። መምህሯ ወይዘሮ አመለወርቅ ራሳቸው ነበሩ። ቀጭን ልምጭ ይዘው በመስመሮቹ መሐል ይንጎራደዳሉ።

ምንታምር እጅ ነሳች። እትዬ አመለወርቅ ጉንጯን ይዘው አገላብጠው ሳሟትና፣ ስማቸው ቻርቱ ላይ ከተጻፈ ጀምሮ ማሽኖቹ ሳይቀሩ ሰላምታ እንደሚሰጧቸው፣ አጥሩን ሲያልፉ ሞተራቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉ አወጉላት።

“ደግሞ ስሜን አሟልተሽ ነው የጻፍሽው ልጄ” አሏት። “የቀበሌው ሰው እንኳ ‘ወርቅ’ን ይጥላታል።”

ይህን እያወሩ ሳለ ማክሰኞ፣ ቀኗ ራሷ፣ እያለከለከች መጣች። ጀርባዋ ላይ ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ የስብሰባ ወንበሩ ሁሉ ተቆልሏል። ዕቅድ አውጪ የተባለ ሁሉ እሷ ላይ እንደሚጭን እያለቀሰች ተናገረች። ሰኞ ገና መጀመሬ ነው እያለች ታመልጣለች፤ ዓርብ በግማሽ ቀኗ ትወጣለች፤ እሑድማ ነጭ ለብሳ ስታልፍ ሰላምታ እንኳ የላትም። ማክሰኞ ብቻ ሸክም ሆና ቀረች።

ምንታምር የፊደል ሰሌዳዋን አስተካከለችና ከማክሰኞ ጎን “ማክሰኞ ትረፍ” ብላ ጻፈች።

ማክሰኞ ጭነቷን ዘርግፋ ዋርካው ሥር ጋደም አለች። አገሩ ሁሉ ከሰኞ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ረቡዕ ተሻገረ። የተጎዳ አልነበረም፤ ጾሙ በአንድ ቀን ቀደመብን ያሉ ጥቂት ሰዎች ብቻ ሥጋቸውን ወደ ማድጋው እየመለሱ አጉረመረሙ። የቀሩት ግን ምንታምርን መረቁ። ከዚያ በኋላ ባለጉዳይ ጎረፈ። ተራራው ለምን እንደተቦረቦረ እንዲጻፍለት ፈለገ። የሲሚንቶው መጋዘን በሩ ለምን ወደ ነፋሱ እንደዞረ ምክንያቱን እንድትጽፍለት ጠየቀ። ሁሉም የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ምክንያታቸው እንዲታወቅላቸው። እሷም ጻፈች። ማስታወሻ ያገኘ ሁሉ ጎኑን እያሳየ፣ እየተንጎራደደ ሄደ።

ከሁሉ ኋላ አንድ ቀይ ዘንግ እየተጎተተ መጣ። ረጅም ነው፤ ጫፉ አይታይም። ፊቱን ስታየው ኢንጂነር ዘርጋው ናቸው። መነጽራቸውም ከረባታቸውም እንዳለ ነው፤ ከዚያ በታች ግን ዘንግ ሆነዋል።

“ምንታምር፣ ጎኔ ባዶ ነው” አሏት።

ተቀመጡ እንዳትላቸው ዘንግ አይቀመጥም። ምን እንድትጽፍላቸው እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ኢንጂነሩ ቀስ ብለው ነገሯት። ወጣት ሳሉ የመጀመሪያ ድልድያቸውን ሲሠሩ ኮንክሪቱን አፍስሱ ተብለው ታዘዙ። ጎንበስ ብለው መሠረቱን ቢያዩት ከሥሩ ውሃ ያዘለ ጭቃ ነው። አላፈስም አሉ፤ እንደገና አስቆፈሩ። ሥራው ዘገየና ዘንጉ ቀላ። በየስብሰባው ቻርቱ ሲዘረጋ ሰው ሁሉ ቀዩን ያያል፤ ምን ሆኖ ነው ብሎ የጠየቀ ግን አንድም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ዘርጋው የሚዘገይ ሰው ነው ተባለ። እሳቸውም ቃል ሰውን ያድናል ብለው ማመን ተዉ፤ ቀለሙን ብቻ መጠበቅ ለመዱ።

“ድልድዩስ?” አለች ምንታምር።

“ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ይሞላበታል” አሉ ኢንጂነሩ። “ቆሟል።”

ምንታምር ብዙ አላሰበችም። ጣቶቿ ራሳቸው ያውቁ ነበር። ከቀዩ ዘንግ ጎን “ይህ ሥራ የዘገየው አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ስላየ ነው። ድልድዩ ቆሟል” ብላ ጻፈች።

ቀዩ ከእግር እስከ ራስ እየሸሸ ሰማያዊ ሆነ። ኢንጂነር ዘርጋው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ማስታወሻዋን ከአየሩ ላይ ቀስ ብለው ነቅለው እንደ ሜዳይ ደረታቸው ላይ ለጠፏት፤ ከዚያም የዳይሬክተሮቹን ሰልፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየዞሩ ለእያንዳንዱ ሰው ደረታቸውን አሳዩ። ምንታምር በዓይኗ ስትከተላቸው የተማረችበት፣ የደከመችበት፣ ያመሸችበት ሁሉ ለዚህች ሰዓት እንደነበር ተሰማት።

በዚህ መሐል ጥሩምባ ተነፋ። ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ነጭ ጫማ የተጫማ፣ ቅንድብ እንኳ የሌለው ሰው መጣ። የረገጠው ሣር ሁሉ ባዶ ወረቀት ይሆናል። አቶ ሰርዝ ይባላል ብለው ነገሯት። በጣም ጨዋ ሰው ነበር። ለሁሉም ጎንበስ እያለ ሰላምታ ሰጠና፣ አገሩን እንዲያጸዳ መላኩን፣ ጽሑፍ ሲበዛ ዓይን እንደሚደክም በትሕትና አስረዳ። ከዚያ ጉንጩን ሞልቶ ተነፈሰ።

ማስታወሻዎቹ እንደ ገለባ በነኑ።

መጀመሪያ ምንም የተለወጠ አልመሰለም። ቀስ በቀስ ግን ዘንጎቹ ማብቂያቸውን ረሱ። የአጥሩ ሥራ ዘንግ ከግቢው ወጥቶ ወንዙን ተሻገረ፤ ከተማውን አቋርጦ፣ ጳጉሜን ዘሎ፣ ገና ያልባተ ዓመት ውስጥ ገባ። ግንበኞቹ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረቡ ተከተሉት፤ የት እንደሚያቆሙ የሚነግራቸው አጥተዋል። ኤክስካቫተሩ የቆጠረውን ፊደል ረስቶ ወደ ጤፉ ፊቱን አዞረ። ማክሰኞ ከእንቅልፏ ተቀስቅሳ እንደገና ተጫነች። በሰልፉ መሐል አንዱ ዳይሬክተር ከፊቱ ያለውን ይህ የምን ሰልፍ ነው ብሎ ጠየቀው። እኔም ሰልፍ አይቼ ነው የቆምኩት አለው ያኛው። ኢንጂነር ዘርጋው ደረታቸውን ቢዳብሱ ባዶ ነው፤ ከእግራቸው ጀምሮ መቅላት ጀምረዋል።

የጋሽ ቢራቱ ድምፅ ከሚመጣው ዓመት ውስጥ ከሩቅ ተሰማ። ልጄ፣ የት ላይ ነው የምናቆመው እያሉ ይጣሩ ነበር።

አቶ ሰርዝ በትሕትና ፈገግ ብሎ እጁን ወደ ፊደል ሰሌዳዋ ዘረጋ። ይህችን ብቻ ብታስረክቢኝ ሁሉም ንጹሕ ይሆናል አላት። ምንታምር ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

“እኔ የጻፍኩት ጌጥ አይደለም” አለችው። “መቼ እንደሆነ ዘንጉ ይናገራል። ለምን እንደሆነ የምናገረው እኔ ነኝ።”

ይህን ብላ በአጥሩ ዘንግ ላይ ሮጠች። ወንዙን ዘለለች፣ ጳጉሜን ረግጣ አለፈች። ግንበኞቹ ላብ በላብ እንደሆኑ ደረሰችባቸውና ከዘንጉ ጫፍ ጎን “እዚህ ይበቃል” ብላ ጻፈች። አጥሩ ቆመ። ግንበኞቹ የግንብ ማንኪያቸውን አስቀምጠው መሬት ላይ ተዘረጉ። ከዚያ እየሮጠች ተመለሰች፤ እየሮጠችም ግራና ቀኝ ትጽፋለች። ጤፉ ዳነ፣ ማክሰኞ ተኛች፣ የኢንጂነሩ ቀይ ወደ ኋላ ሸሸ። አንዱንም ማስታወሻ አልረሳችም፤ ሁሉንም በልቧ ታውቃቸው ነበር።

አቶ ሰርዝ ፊት ስትደርስ ቆመች። ይህ ሰው በሕይወቱ ከጎኑ ተጽፎለት አያውቅም። ትንሽ አሰበችና “ጊዜያዊ” ብላ ጻፈችለት።

አነበበውና ፊቱ ከነጭም በላይ ነጣ። ቅሬታ የሚቀርበው የት እንደሆነ በጨዋነት ጠየቀ። ሰልፉን አሳዩት፤ ሄዶ ከረጅሙ ዳይሬክተር ኋላ ተሰለፈ።

እልልታው ከየአቅጣጫው ተነሳ። ማሽኖቹ አካፋቸውን አነሱ። ወንዙ የረሳውን ይዞ ቁልቁል ተመለሰ። ድልድዩ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ተንጠራራ፣ ወደ ወንዙ ሄደና አንዱን እግሩን በዚህ ዳር፣ ሌላውን በዚያ ዳር አሳርፎ ተዘረጋ። ሕዝቡ ምንታምርን ተሸክሞ መሐሉ ላይ አወጣት። ከላይ ስታየው አገሩ በሙሉ ቻርት ነበር፤ ከየነገሩ ጎን የእሷ ቃል አለ። ድልድዩ ከሥሯ፣ በይ እንግዲህ መጀመሬን ጻፊልኝ አላት። ምንታምር ጣቷን አነሳችና “ይህ ድልድይ” ብላ ጀመረች።

“ምንታምር። ተኝተሽ ነው እንዴ?”

ኢንጂነር ዘርጋው ጠረጴዛዋን በጣታቸው እያንኳኩ ቆመዋል። ፊታቸው እንደ ሙሽራ ፊት ይበራል። እንግዶቹ ቀደም ብለው መድረሳቸውን፣ የሠራተኞቹ ክበብ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ያለፈውን ወር ቻርት ምሳ እየበሉ ማየታቸውን፣ ማስታወሻዎቹን በጣም መውደዳቸውን አከታትለው ነገሯት። ከዛሬ ጀምሮ በዘንግ ሁሉ ጎን ማስታወሻ እንዲኖር ትእዛዝ ተላልፏል። ሐሳቡ የምንታምር መሆኑም ተነግሯል።

“ከእንቅልፍሽ ልቀሰቅስሽ አልፈለግሁም” አሉ። “ከኔው ኮምፒውተር ላይ ሁሉንም ሞላሁልሽ። እይው፣ አንድ ዘንግ እንኳ አልቀረም። ኩሪ እንጂ።”

ምንታምር ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ ስክሪኑን አየች። የእሷ ማስታወሻዎች የሉም። ለአንድ ወጥነት ሲባል ተነስተዋል። ከመጀመሪያው ዘንግ እስከ መጨረሻው፣ በየጎኑ፣ በተመሳሳይ ፊደልና በተመሳሳይ መጠን “ማስታወሻ ተጽፏል” ይላል።

ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገች፣ የመጀመሪያውን “ማስታወሻ ተጽፏል” አጠፋችና መጻፍ ጀመረች። ኢንጂነሩ ሰዓታቸውን አዩ። እንግዶቹ አዳራሽ ገብተው እየጠበቁ እንደሆነ፣ ስብሰባው እንደሚዘገይ ነገሯት።

“ይዘግይ፣ ኢንጂነር” አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። “ለምን እንደዘገየ ከጎኑ እጽፍልዎታለሁ።”